ከአያ እንድሪስ ኋላ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አንድ ጃንጥላና አንድ ምስክር ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ የሥራ መደቤ «የሕዝብ ተሳትፎ ባለሙያ» ተብሎ ተጽፏል። አዲስ ከተቀጠሩት ወጣቶች አንዷ ኬክ እያደለች መጣችና «እትዬ ጽጌ፣ ለመሆኑ ሥራዎ በትክክል ምን ነበር?» አለችኝ። «ሰው መጥራት» አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ ሰውን ከቤቱ፣ ከማሳው፣ ከታንኳው ጠርቶ ስብሰባ ላይ ማስቀመጥ። ማይክራፎን ባልነበረበት ዘመን ጀምሬ ማይክራፎኑ በማይሠራበት ዘመን ጨረስኩ።

ልጅቷ በዚያው ብትተወኝ ጥሩ ነበር። «በጣም የከበደዎት የቱ ጊዜ ነው?» ብላ ጨመረች። መልሱን አሳምሬ ስለማውቀው ኬኩን ተቀብዬ አመሰገንኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

የናዝሬት ልጅ ነኝ። ወንድሜ ባሕር ዳር ፋብሪካ ተቀጥሮ ስለነበር እሱ ዘንድ መጥቼ በታይፕ ጸሐፊነት ሥራ መፈለግ ጀመርኩ። አብዮቱ ከፈነዳ ብዙም አልቆየም፤ አዲስ የፖለቲካ ድርጅት ሳይሰማ የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም። እኔን የቀጠረችኝ ከሁሉም ትንሿ ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ ብጽፈውም የሚያስታውሳት የለም። ባሕር ዳር ውስጥ ከነእኔ አሥራ አንድ ነበርን። ደመወዜ ትንሽ ነው፣ እሱም አንዳንድ ወር ይረሳል። ቢሮአችን ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ስለነበረች የስፌት መኪናው ሲነሣ የእኔ ታይፕ አይሰማም።

ችግራችን ግልጽ ነበር። ትልልቆቹ ድርጅቶች ፋብሪካውንም፣ ኮሌጁንም፣ የመንግሥት ሠራተኛውንም ተከፋፍለው ጨርሰዋል። ለእኛ የቀረው ማንም ያልጠየቀው ሰው ብቻ ነበር። እሱም ሐይቁ ዳር ነው ያለው።

ሐይቁ ዳር ያሉት ራሳቸውን ነገደ ብለው የሚጠሩት ሰዎች ናቸው። ደንገል አጭደው ታንኳ ያስራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ። ከተማው በሌላ ስም ይጠራቸዋል፤ ያን ስም ስለማይወዱት እዚህ አላነሣውም። ሙስሊሞች ናቸው፤ የከተማው ሙስሊም ነጋዴ ግን እነሱ ያረዱትን አይበላም። ክርስቲያኑም ቤታቸው ገብቶ አይበላም፣ በዋንጫቸው አይጠጣም። ጥንት ጉማሬ በልተዋል ተብሎ ነው። በታንኳቸው ግን ሁሉም ይሻገራል።

ወደ እነሱ የወሰዱኝ የድርጅታችን አደራጅ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ቀን ቀን አንደኛ ደረጃ ያስተምራሉ፤ ንግግር ከጀመሩ አራት ሰዓት ማለፉ የማይታወቃቸውን ጓዶቻችንን «ልሳኑ ደህና ነው፣ ጆሮው ግን መመርመር አለበት» ይሏቸው ነበር። መጀመሪያ የሄድነው ፋሲካ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ነው። መዝገቡን በክንዴ ታቅፌ ስመጣ አዩኝና «ቦርሳ ውስጥ አስገቢው» አሉኝ። «መዝገብ ይዞ ቤት የሚመጣ ሰው ወይ ግብር ሊጠይቅ ነው፣ ወይ ከቦታው ሊያስነሣ።»

አያ እንድሪስን ታንኳ ሲያስሩ አገኘናቸው። ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ የመንደሩ ሰው ሳያማክራቸው ምንም አያደርግም። ጋሽ መኩሪያ ሰላምታ ሰጥተው፣ ጎንበስ ብለው የእስሩን ጫፍ ያዙላቸው። እንዲያ ይዘው ብዙ ቆዩ። እኔ ቆሜ ጫማዬን ጭቃ እንዳይነካው እጠብቃለሁ።

በመጨረሻ አያ እንድሪስ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» አሉ።

«የፖለቲካ ድርጅት ነን፤ አባል ፈልገን ነው።»

«ስንት ናችሁ?»

«አሥራ አንድ።»

አያ እንድሪስ ደንገሉን አስቀምጠው ሳቁ። «እኛ በዚህ መንደር ብቻ መቶ እናልፋለን። ታዲያ ማን ማንን ነው የሚያደራጀው?»

«እሱን አብረን እናየዋለን» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«ትልልቆቹስ ለምን አልመጡም?»

«ያለ እናንተም ይሞላላቸዋል።»

«እናንተስ?»

«እኛ አይሞላልንም።»

ደንግጬ ጋሽ መኩሪያን አየኋቸው። የድርጅታችን መመሪያ ስለ ጭቁን ሕዝብ ሁለት ገጽ ተኩል ይናገራል፤ እኔው ነኝ በታይፕ የመታሁት። አያ እንድሪስ ግን ጥቂት አሰቡና «እውነቱን ነገሩኝ፤ እንግዲያስ ቁጭ በሉ» አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሐራ የተጠበሰ ዓሣና የዳጉሳ ቂጣ ይዘው ወጡ። ሳያቸው ክው አልኩ። በየሳምንቱ ገበያ ዓሣ የምገዛው ከእኚህ ሴት ነው። «ደንበኛዬ!» ብለው ፊታቸው በራ። ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን ታጥበው መብላት ጀመሩ። እኔ እጄ አልዘረጋ አለ። «ይቅርታ፣ ጾመኛ ነኝ» አልኩ።

ወይዘሮ ዘሐራ ሳህኑን እንደያዙ አዩኝ። «የምን ጾም ነው እቴ? ሃምሳው መች ወጣና? ዓርብ ረቡዑ እንኳ ተፈትቶ የለም እንዴ? የእኛ ገበያ የሚሞተው እኮ በሃምሳው ነው። ጾማችሁን ከእናንተ ይልቅ እኛ ነን የምንቆጥረው!»

እውነታቸውን ነው። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም እንደሌለ ማንም ያውቃል፤ ሰው በጾም ከሥጋ ሲርቅ ዓሣ ስለሚገዛ፣ እነሱ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃሉ። «የስእለት ነው» አልኩ፣ በውሸት ላይ ውሸት። «ስእለትማ ከሆነ» ብለው ሳህኑን ከፊቴ አነሡት። በአያ እንድሪስ ከንፈር ጫፍ ላይ ሳቅ ነበረ።

ስንመለስ ጋሽ መኩሪያ «ገበያ ላይ ዓሣውን ማን ነው የሚያጸዳልሽ?» አሉኝ። «እሳቸው ናቸው» አልኩ። እኔም ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ምሳዬን ቤቴ በልቼ መሄድ ለመድኩ።

የጋሽ መኩሪያ አሠራር በየትኛውም ሥልጠና ላይ ገጥሞኝ አያውቅም። ባለቤቱ መሬት ከተቀመጠ እሳቸው በርጩማ ላይ አይቀመጡም። እስከ ሦስተኛው ጉብኝት መዝገብ አያወጡም። ሲያወጡም ስሙን በእርሳስ ይጽፉና ለባለቤቱ ያነቡለታል፤ «ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ነው» ይላሉ። ስብሰባ ከሆነ ቀድመው ደርሰው ቦታውን በገዛ እጃቸው ይጠርጋሉ። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው?» አይሉም፤ «ምን ረሳሁ?» ነው የሚሉት። ሰው ጥያቄ ለመጠየቅ ያፍራል፤ የተማረ ሰው የረሳውን ለመንገር ግን ይሽቀዳደማል። እኔ ይህን ዘዴ እስከ ጡረታዬ ድረስ ተጠቅሜበታለሁ።

አንድ ክረምት ሙሉ ታንኳ ማሰር እማራለሁ ብለው ከአያ እንድሪስ ጋር ደንገል ሲያጭዱ ከረሙ። የሠሯት ታንኳ ውኃ ላይ ወርዳ ሁለት ክንድ ሳትርቅ ተገለበጠች። ጋሽ መኩሪያ ከነኮታቸው ጣና ውስጥ ቆመው መነጽራቸውን ሲፈልጉ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ሳቀ። አያ እንድሪስ እንባቸውን እየጠረጉ «እኛ ነን የምናደራጃችሁ አላልሁም?» አሉ። ያን ቀን ብቻ አሥራ አራት ሰው ተመዘገበ።

ነገሩ የመረረው መስከረም ላይ ነው። ከመንደሩ ጎን ያለው የደንገል ቦታ ለአንድ መሥሪያ ቤት መዝናኛ ሊሰጥ ነው ተባለ። ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም፤ ታንኳ ከሌለ ዓሣም የለም፣ መንደርም የለም። ቦታውን ለመስጠትም ለመከልከልም የሚችለው የቀበሌው ኮሚቴ ነው። በኮሚቴው ውስጥ ደግሞ የነገደ ሰው ኖሮ አያውቅም። ምርጫው በወሩ መጨረሻ ስለነበር አያ እንድሪስ ዕጩ ይሁኑ አልን።

እሳቸው ግን አመነቱ። ያን ጊዜ እኛ ቀበሌ የሚመረጠው በሰልፍ ነበር። ዕጩዎቹ ሜዳው ላይ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ይቆማሉ፤ መራጩ ከሚፈልገው ዕጩ ኋላ ይሰለፋል። መራጩ እንዳያፍር ተብሎ፣ ቆጠራው እስኪያልቅ ዕጩው ዞሮ ማየት አይፈቀድለትም።

«ዕጩው አያይም፤ ሌላው ሕዝብ ግን ያያል» አሉ አያ እንድሪስ። «ከእኔ ኋላ የቆመ የእኔ ሰው፣ ነገ የወፍጮ ድንጋዩን ማን ይገዛዋል? እናንተ ብትሸነፉ ቢሮ ዘግታችሁ ትሄዳላችሁ። እኛ ወዴት እንሄዳለን? ደግሞስ ከወገኔ ሌላ ማን ከኋላዬ ይቆማል?»

«እኔ እቆማለሁ» አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው ያልኩት። «የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። ከኋላዎ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።»

አያ እንድሪስ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ «እንግዲያው ጻፊኝ» አሉ። ከደስታዬ የተነሣ የጋሽ መኩሪያን እርሳስ ረስቼ በእስክሪብቶ ጻፍኳቸው።

የምርጫው ዕለት ጠዋት የድርጅታችን ጸሐፊ ቢሮ አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ከአዲስ አበባ የተላከ። «ከትልቁ ድርጅት ጋር ተስማምተናል» አለኝ። «አንድ ወንበር ለጓዳችን፣ ለሁለተኛ ደረጃው መምህር ይለቁልናል፤ እኛ ደግሞ ሌላ ዕጩ አናቀርብም። ሁላችሁም ከመምህሩ ኋላ ትሰለፋላችሁ። ለሽማግሌው ሂጂና ንገሪያቸው።»

«ጋሽ መኩሪያ ያውቃሉ?»

«ሲመጣ እነግረዋለሁ» አለ። አልነገራቸውም፤ ጋሽ መኩሪያ የመንደሩን ሰው ሊያመጡ ወርደው ነበር።

ሜዳው ስደርስ አያ እንድሪስ የታጠበ ነጭ ልብስ ለብሰው ቆመዋል። ወይዘሮ ዘሐራ ከትከሻቸው ላይ ኩታውን ያስተካክላሉ። «መጣሽ?» አሉኝ አያ እንድሪስ። «መጣሁ» አልኩ። ልነግራቸው ነበር የመጣሁት። ወይዘሮ ዘሐራ ልብሱን ትናንት እንዴት እንዳጠቡት ያጫውቱኛል፤ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሳልነግራቸው ሄድኩ።

ተሰለፉ ተባለ። እግሬ ከመምህሩ ኋላ ወስዶ አቆመኝ። ጸሐፊው ከዳር ሆኖ እያየን ነበር፤ ያን ጊዜ መታየት ምን እንደሚያመጣ የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። ይህን የምጽፈው ለማመካኘት አይደለም። ፈርቼ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ የመንደሩን ሰው ይዘው ደረሱና ከአያ እንድሪስ ኋላ ተሰለፉ። ግን ተጠግተው አልቆሙም፤ ከፊታቸው አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ትተዋል። የእኔ ቦታ መሆኑ ነው። ግራ ቀኝ እያዩ ፈለጉኝ። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም እጃቸውን አነሡና ወደ ባዶው ቦታ አመለከቱኝ፤ የረፈደባትን ተማሪ እንደሚጠራ አስተማሪ። አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ ገባቸው፤ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ቦታው እስከ መጨረሻው ባዶ ነበር።

ከገዛ ወገናቸውም ግማሹ ብቻ ነው የተሰለፈው። ሌላው እንዳሉት ነገን ፈርቶ ከዳር ቀረ። ተቆጥሮ ሲያልቅ አያ እንድሪስ ተሸንፈው ዞሩ። ሜዳው ሲበተን አጠገቤ መጡና «ከኋላዬ ያለሽ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ ከደንገሉ ግማሹ ታጨደና አጥር ገባበት። ጋሽ መኩሪያን ድርጅታችን «ከመስመር ወጥቷል» ብላ አባረረቻቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ለማስተማር ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ቁንዝላ ተዛወሩ። ድርጅቷም ራሷ ብዙ አልኖረችም። ከአሥራ አንዳችን መካከል ዛሬም ስማቸውን ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምጠራቸው አሉ። እኔን አንድ መሥሪያ ቤት የጎልማሶች ትምህርት አስተባባሪ አድርጎ ቀጠረኝና ገጠር ለገጠር መዞር ጀመርኩ። ዋንዛዬ ፍልውኃ ሊታጠብ የመጣውን ሕመምተኛ ሁሉ ፊደል አስቆጥሬአለሁ። ጢስ ዓባይ ሦስት አለቃ ተፈራርቆብኛል፤ ሦስቱም የእኔን ሪፖርት ቃል ሳይለውጡ በራሳቸው ስም ልከውታል። ዓሣ መግዛት ግን ትቼ ነበር። ገበያ ላይ ወይዘሮ ዘሐራን ከሩቅ ካየኋቸው መንገድ እቀይራለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ በጀልባ ቁንዝላ ተላክሁና ጋሽ መኩሪያን አገኘኋቸው። ሸብተዋል። ወደብ ላይ ቆመው ነበር፤ ገና ከጀልባው ሳልወርድ «ምን ረሳሁ?» ብለው ጮኹልኝ። እየሳቅኩ ወረድኩ፤ ስስማቸው ግን አለቀስኩ። የዚያን ቀን ጠዋት ነገር ሁሉ፣ መልእክቱን መደበቄን ጭምር ነገርኳቸው።

«ጥፋትሽ ጥፋት ነው፤ አልክደውም» አሉኝ። «ግን እኔም አጥፍቻለሁ። እዚህ ተቀምጬ ሳስበው፣ ሁለታችንም የተሳሳተ በር ነው ስናንኳኳ የከረምነው። እንድሪስን ስንለምን ክረምቱ አለቀ። የእንድሪስን ጎረቤት ማን ሄዶ ጠየቀ? ከኋላው የሚቆመው እሱ ነበር እኮ።»

ወደ ባሕር ዳር ስመለስ የቀረውን ግማሽ ደንገል ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት እንደጠየቀው ሰማሁ፤ ለቀበሌ ምርጫም የቀረው ሁለት ወር ነው። በቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። አያ እንድሪስ አርጅተዋል፤ ታንኳ ማሰሩን ግን አልተዉም። ጎንበስ ብዬ የእስሩን ጫፍ ያዝኩ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ገባ።

«ያን ቀን ጠዋት ተነግሮኝ ነበር» አልኳቸው። «ልነግርዎ መጥቼ ሳልነግርዎ ሄድኩ።»

«ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ» አሉ እስሩን ሳይለቁ። «እኔም እንድትነግሪኝ አልጠየቅሁም። ዘሐራ ልብሱን አጥባ... ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ኋላ እርሳስ አወጣሁና ስማቸውን ለዕጩነት ልጻፍ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «በእርሳስ ነው፤ እስከ ምርጫው ጠዋት መሰረዝ ይቻላል» አልኩ። እርሳሱን አይተው «ይሄስ የመኩሪያ ትምህርት ነው» አሉ፤ ጻፍኩት።

ከዚያ ሌላውን በር ማንኳኳት ጀመርኩ። በቀበሌው ያሉትን የፋብሪካ ሠራተኞች ሚስቶች፣ ጠጅ ነጋዴዋን፣ የሙስሊም ነጋዴዎቹን ቤት አዳረስኩ። ስለ ምርጫ አላወራሁም። ዓሣ ከማን እንደሚገዙ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በሃምሳው ጾመኛ ነኝ ያልኩበትን ቀን እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ሳቁ ሲያልቅ አንዷ «እኔ እንኳ ታምሜአለሁ ነው ያልኋቸው» ትላለች። ሌላዋ ልጇ ከእነሱ ቤት ውኃ ጠጥቶ በመምጣቱ እንደገረፈችው ትናገራለች። ሁለት ወር ሙሉ እንዲሁ ስዞር ስንት ዓይነት ስእለትና ስንት ዓይነት የሆድ ሕመም ሰማሁ መሰላችሁ።

የምርጫው ቀን ሜዳው ያው ነው፤ ዕጩዎቹ ወደ ሐይቁ ዞረው ቆመዋል። ተሰለፉ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ ሄድኩና ከአያ እንድሪስ ኋላ ቆምኩ፤ ክንዴ ኩታቸውን እስኪነካ ተጠግቼ። ሰው ሁሉ አየኝ። ለጥቂት ጊዜ ብቻዬን ቆምኩ፤ ከዚያ ከኋላዬ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ላለማየት ታገልኩ።

አያ እንድሪስ መዞር አይፈቀድላቸውም። ራሳቸውን ትንሽ ጎን አድርገው በዝግታ «ማነው ከኋላዬ?» አሉ።

«ጽጌ ነኝ።»

ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁ፤ ሳቃቸውን ይዘውት ነው።

«ዛሬስ ጾም አይደለም?» አሉኝ።

«አይደለም፤ አልጾምም።»

«እንግዲያ ምሳ እኛ ቤት ነው።»

ሲቆጠር አያ እንድሪስ ሰባተኛ፣ የመጨረሻው ተመራጭ ሆነው ገቡ። ሲዞሩ መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ቀጥሎ ያንን ሁሉ ሰው፤ ኩታቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ግማሹ ደንገል እኔ ባሕር ዳር እስከነበርኩ ድረስ አልተነካም።

ወይዘሮ ዘሐራ ያን ቀን ምሳ ያቀረቡልኝ ቆሮሶ ነበር፤ ያኔ ገበያ ላይ ከእሳቸው እገዛው የነበረው ያው ዓሣ። ከደስታቸው ብዛት ጨው ሁለቴ ጨምረውበት ኖሯል። ከአያ እንድሪስ ጋር ከአንድ ሳህን እየቆረስን አጥንቱ እስኪቀር በላሁት።